የጉንዳን ባንድ ጽዋ ማኅበር

ሰው ካበደ በሚታይ ነገር ቢያብድ ይሻላል። ጎረቤቴ በሚስቱ ያብድ ነበር፤ ሚስቱ ትታያለች። አንድ የማውቀው ሾፌር በሎሪው ያብድ ነበር፤ ሎሪውም ከነጭቃው ደጁ ላይ ቆሞ ይታያል። እኔ ያበድኩት ግን በዓይኔ አይቻቸው በማላውቅ አምስት ጎረምሶች ነው። እነሱ አዲስ አበባ፣ እኔ ሱዳን ገዳሪፍ፤ በመካከላችን ደርግ፣ በረሃና ቁጥሩን የማላውቀው ኬላ። ስማቸው ደግሞ ጉንዳን ባንድ ነው። ሰሊጥ ሲያጭድ የከረመ ሰው ጉንዳን ሲባል ሱሪውን ነው የሚያራግፈው። እኔን ግን እግሬን ትተው ልቤን ነከሱኝ።

ካሴታቸው እጄ እንዴት እንደገባ ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ሎሪዎች የሚቆሙበት ሜዳ አጠገብ ጎሚስታ ነበርኩ። ጎሚስታ ማለት ቀኑን ሙሉ የሰው ጎማ ሲሞላ ውሎ ለራሱ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ነው። አንድ ክረምት አለባቸው የሚባል የመተማ ነጋዴ ሎሪውን የዶካ መንገድ ጭቃ ዋጠበት። የገዳሪፍን ጥቁር አፈር ያላየ ሰው ጭቃ አየሁ አይበል። ሰባት የአገር ልጆች ሆነን ከጠዋት እስከ ቀትር ገፍተን አወጣንለት። አለባቸው በጣም ደስ ብሎት የሚሰጠን ቢፈልግ ምንም አላገኘም፤ በመጨረሻ ከመሪው ፊት የነበረችውን ካሴት አንስቶ "ተካፈሏት" አለን። አንድ በግ ቢሆን ለሰባት ይከፈል ነበር። ካሴት ግን በቢላ አይከፈልም።

መጀመሪያ ስንሰማው፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሎሪ ፍሬን የያዘ ነው የመሰለኝ። ማሲንቆ የለመደ ጆሮ የኤሌክትሪክ ጊታር በድንገት ሲጮህበት ምን ያድርግ። ሁለተኛ ስንሰማው እግሬ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ አበቃልኝ። በተለይ ሦስተኛው ዘፈን። ዘፋኙ መሀል ላይ ዝም ይላል፣ ከበሮው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ጊታሩ ብቻውን ይወጣል። መጀመሪያ ይለምናል፣ ከዚያ ይቆጣል፣ ከዚያ ያለቅሳል። ይሄ ሶሎ ይባላል ብሎ የነገረን ልብስ ሰፊው ጥጋቡ ነው፤ ጥጋቡ ጎንደር ከተማ ሁለት ዓመት ስለተቀመጠ የማያውቀው ነገር የለም። ሶሎው በተጫወተ ቁጥር እኔ ውስጤ የሆነ ነገር ብድግ ይላል። የገዳሪፍ ሙቀት፣ የጎማው ጭስ፣ አገሬን ጥዬ መምጣቴ፣ ሁሉም ለዚያች ደቂቃ ይረሳኛል።

የአድናቂነት ነገር ደግሞ በጆሮ ብቻ አያበቃም። በካሴቱ ሽፋን ላይ ያለው የባንዱ ፎቶ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። ከጊታሪስቱ ፊት ይልቅ ጸጉሩ ነው የሚታየው። ስለዚህ በጸጉር ልምሰለው ብዬ አፍሮ አሳደግሁ። አፍሮ ለአዲስ አበባ ነው እንጂ ለገዳሪፍ አልተሠራም። ሀቡብ የሚሉት ነፋስ ተነስቶ አቧራውን ሲያለብሰን የከተማው ግማሽ አፈር እኔ ራስ ላይ ያድራል። የሰሊጥ ገለባ፣ የጎማ ፍርፋሪ፣ አንድ ጊዜማ የጠፋብኝን የጎማ ቫልቭ ክዳን ከሦስት ቀን በኋላ እዚያው አገኘሁት። ከዘይት ጣሳና ከፍሬን ሽቦ ጊታርም ሠርቼ ነበር። የመታሁት ቀን ሦስት ፍየሎች መጥተው ደጄ ላይ ቆሙ፤ የጠፋችባቸው ዘመድ የተገኘች መስሏቸው ይሆናል።

ወደ ካሴቷ ልመለስ። እናስገልብጣት ተብሎ ሱቅ ወስደናት ነበር። ካሴት የሚገለብጡት ሽማግሌ ሱዳናዊ ደግ ሰው ናቸው፤ የመገልበጫ መኪናቸው ግን ደግ አይደለም። ቅጂው ሲወጣ ጉንዳን ባንድ በርሜል ውስጥ ገብቶ ክዳኑ የተዘጋበት ይመስል ነበር። ቅጂውን ጣልን፤ ዋናዋ ከእንግዲህ ሱቅ እንዳትገባም ተማማልን። ታዲያ አንድ ካሴት፣ ሰባት ባለቤት፣ ምን ይደረግ? የጎንደር ልጅ ለዚህ መልስ አያጣም። አባቶቻችን ስንት ሆነው በአንድ ጽዋ ይጠጡ የለም ወይ። ማኅበር ገባን።

ካሴቷ እጃችን የገባችው በአሥራ አራት ስለነበር በየወሩ በአሥራ አራት ከሰዓት በኋላ እንሰበሰባለን። ጥጋቡ ቴፕ ስላለው ሙሴ ሆነ፤ የማኅበር አለቃ ሙሴ ነው የሚባለው። ተረኛው ዳቦ ያስጋግራል። ጠላ እዚያ አገር ፖሊስ ያስጠራል፤ ስለዚህ ከርከዴ የሚሉትን ቀይ አበባ አፍልተን እናቀዘቅዛለን፤ ቀለሙ ቢያንስ ወይን ጠጅ ይመስላል። ካሴቷ ሁለት ጊዜ በሙሉ ትሰማለች። ከዚያ በሻይ ቆርቆሮ ገብታ በነጭ ጨርቅ ትጠቀለላለች፤ የሚቀጥለው ተረኛ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይቀበላል፤ እኛም እስከ ቤቱ አጅበን እናደርሰዋለን፤ ወሩን ሙሉ እሱ ጋ ትቆያለች። ከሰባታችን አንዱ ሰይድ የወሎ እስላም ነው፣ ፉል ይሸጣል። ከሁላችንም አስበልጦ የማኅበሩን ሥርዓት የሚጠብቀው እሱ ነበር፤ ጨርቁ ካልታጠበ ካሴቷን አይቀበልም። እኔ ዕጣ ስናወጣ ሰባተኛ ወጣሁ። ስድስት ወር ጠበቅሁ። እርግዝና እንኳ በዚህ ልክ አያስጨንቅም፤ ያረገዘ ሰው ቢያንስ አልጋው ላይ ይተኛል።

ስድስተኛው ወር ላይ ካሴቷን ወደ ስድስተኛው ተረኛ ስናጅብ በእማማ አንጓች በር አለፍን። እማማ አንጓች ከጭልጋ በኩል የመጡ፣ የአውቶቡሱ ማቆሚያ በር ላይ የተቆላ ለውዝ የሚሸጡ አሮጊት ናቸው። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጅ ተይዞ፣ ስድስት ወጣት በጨዋነት ተከትሎት ሲሄድ አዩ። ነጠላቸውን አደግድገው ተነሱ። ቆርቆሮውን ሦስት ጊዜ ሳሙት።

የማን ማኅበር ነው ብለው ጠየቁ። ጥጋቡ ጨንቆት፣ "ዛሬ እኮ አሥራ አራት ነው፣ እማማ" አለ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ዕለቱ አሥራ አራት ነበር። "አቡነ አረጋዊ!" አሉ እማማ አንጓች፤ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። በስደት አገር ጻድቁን ያልረሱ ልጆች አሉና መረቁን። ሰይድም ከሁላችን ጋር አሜን አለ፤ ምን ይበል። የምርቃቱ ርዝመት ግን ሁላችንንም አሳፈረን፤ ባሳፈረን ቁጥር ደግሞ እውነቱን መናገር እየከበደ ሄደ።

በሚቀጥለው ወር፣ የእኔ ቀን፣ የእኔ ተራ፣ የእኔ ዳቦ በቀረበበት፣ እማማ አንጓች ሙልሙላቸውን በመሶብ ይዘው መጡና ከመካከላችን ተቀመጡ። ቴፑን ከአልጋ ሥር ደበቅነው። ጉንዳን ባንድን እንሰማለን ብለን የተሰበሰብን ሰዎች ሁለት ሰዓት ሙሉ ከርከዴ ብቻ ጠጣን። የጻድቁ ገድል ይነበብ አሉ እማማ። ሁሉም እኔን አየኝ፤ ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት የቄስ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ ብዬ ያወራሁት ጉራ ጎተተኝ። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ሲያልቅብኝ ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ ስጀምር ሰይድ በክርኑ ጎሸመኝ። የሰይድን መኖር እማማ ታዝበው ነበር፤ ጻድቁ ሰው አይለዩም ብለው ከሁሉ በፊት ዳቦ የቆረሱት ለእሱ ነው።

ካሴቷ ለእኔ ልትሰጥ ጥጋቡ ሲነሳ እማማ አንጓችም ተነሱ። ስለት አለብኝ አሉ። ከሦስት ዓመት በፊት ሲሰደዱ ልጃቸው ይመኙሻል እርጉዝ ስለነበረች፣ መንገዱን አትችለውም ተብሎ ጎንደር ቀረች። ትውለድ አትውለድ፣ ትኑር አትኑር፣ ወሬዋን የሰማ የለም። ጻድቁን ቤቴ አሳድሬ ልለምናቸው አሉ። ስለት ያለበት ሰው ጽዋ ሲጠይቅ ተራ የለም፤ ይህን ሥርዓት ጎንደር ውስጥ ያልተወለደ ሰው ብቻ ነው የሚጥሰው። ሁሉም የእኔን ፊት አየ። ስድስት ወር ጠብቄ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ሁለት እጄን መለስኩ። አጅበን ሰጠናቸው። ከሁሉም ጮክ ብዬ የዘመርኩት እኔ ነኝ፤ ለቅሶዬ መዝሙር መሰላቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ወር አታንሱት። ካሴቷ ቴፕ በሌለበት ቤት፣ ከሥዕለ አድኅኖ ሥር፣ ሻማ አጠገብ ነው ያለችው። ሻማ! በማግሥቱ ጣሪያዎትን ልይልዎት ብዬ ሄድኩ። ጣሪያው ደህና ነው፣ ሻማው ግን ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ነው። ጻድቁ ሙቀት አይወዱም አልኳቸው። አምነውኝ ዚር ወደሚሉት የውኃ እንስራ አጠገብ አዛወሯት። ቤቴ ስገባ ርጥበት ትዝ አለኝ፤ በሦስተኛው ቀን ጻድቁ ርጥበትም አይወዱም ለማለት ተመለስኩ። እንዲህ ስል በየቀኑ ሄድኩ። ሰፈሩ በሙሉ ለጻድቁ ያለኝን ፍቅር ማውራት ጀመረ። እማማ አፍሮዬን እየዳሰሱ ይህ ደግሞ ምንድን ነው ቢሉኝ ስለት ነው አልኳቸው፤ ያ ቃል ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲህ ሴቶች በመንገድ ሲያገኙኝ "አባ" ይሉኝ ጀመር። ጎማ ሊያስጠግን የመጣ አንድ ሾፌር እንኳ ሒሳቡን ሳይከራከር ከፍሎ ጸልይልኝ ብሎኝ ሄደ።

በቀጣዩ አሥራ አራት እማማ አንጓች ሁላችንን አብልተው፣ ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው ለእኔ ሰጡኝ። ወደ ጥጋቡ ስፌት ቤት የሄድንበት ፍጥነት ለማኅበርተኛ አይመጥንም። ካሴቷን ከተትን፣ ቁልፉን ተጫንን። የመጀመሪያው ዘፈን ደህና ነው። ሁለተኛው ዘፈን ጀመረ፤ መሀሉ ላይ ሲደርስ ቋ አለና ዶሮ ጮኸ። ከዶሮው ቀጥሎ የእማማ አንጓች ድምፅ መጣ።

"ይመኙሻል፣ እኔ እናትሽ ነኝ። ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ብቻ ነው። ያለሁት ገዳሪፍ ነው፣ ለውዝ እቸረችራለሁ። ወለድሽ ወይ? የወለድሽው ምንድን ነው? ስሙን ንገሪኝ፣ በስሙ እየጠራሁ ልለምንለት። ዝም አትበይኝ ልጄ። ብትሞች እንኳ አንድ ሰው ይንገረኝ..."

እንዲህ እያለ የሁለተኛውን ዘፈን ቀሪ በላና የሦስተኛው ዘፈን መግቢያ ላይ ቋ ብሎ ቆመ። ሶሎው ተርፏል። እኔ ግን እፍረት ይያዘኝና መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። የጉንዳን ሁለተኛ ዘፈን! ሌሎቹ እንዳቀረቀሩ ትቻቸው እማማ ጋ ሄድኩ።

ለውዝ እያመሱ አገኘኋቸው። ለካ በሁለተኛው ሳምንት ካሴት ገልባጩ ሽማግሌ ጋ ሄደው፣ ጻድቁ ምን ይላሉ ብለው ሰምተዋታል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ድምፃቸውንም ያስቀረጹት እዚያው ነው። ታዲያ ዘፈን መሆኑን ካወቁ ለምን ዝም አሉን ብላቸው፣ "ማኅበር አይዶላችሁም ወይ?" አሉኝ። "ትሰበሰባላችሁ፣ ትቆርሳላችሁ፣ ትጠያየቃላችሁ። ሌላ ማኅበር ምን ያደርጋል?" ከዚያ ነገሩን አስረዱኝ። የላኩት ደብዳቤ ሁሉ ኬላ ላይ ቀርቷል፤ ከሱዳን የተጻፈ ወረቀት የተገኘበት ሰው ይታሰራል፣ የተላከለትም ይጠየቃል። ዘፈን ግን ዘፈን ነው፤ ወታደር አንድ ዘፈን ሰምቶ ይመልሳል። አለባቸው ነጋዴው በማግሥቱ ሊሻገር ነው። እሺ ካላችሁኝ በዚህች ካሴት ልላክ፣ ተረኛው አንተ ነህ አሉኝ።

ሌላ ካሴት ላምጣልዎት ብዬ ለመንኳቸው። ገዳሪፍ የሚገኘው የአማርኛ ካሴት ሁሉ ቅጂ ነው፣ ጽሑፉ ዓረብኛ ነው፤ ከሱዳን መምጣቱ በሽፋኑ ይታወቃል። የአዲስ አበባ ሱቅ ሽፋን ያላት አንዷ የእኛዋ ናት። ይህን ሁሉ አስበውታል። እኔ አንድ ወር ሙሉ ሳሞኛቸው የከረምኩ ሰውዬ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ሦስተኛውን ዘፈን ሰምተዋል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ያ የሚያለቅሰውን? አሉኝ። አዎ። "ቋንቋውን አላወቅሁትም" አሉ፤ "ልጁ የጠፋበት ሰው መሆኑን ግን አውቄያለሁ። አዝኜለት ነው ሳልነካው ያለፍሁት።"

ምን እንድል ትፈልጋላችሁ? እሺ አልኩ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ ሱቁ ድረስ አብረን ሄደን በደብዳቤያቸው መጨረሻ ላይ አንድ ቃል አስገቡልኝ፤ "ሦስተኛውን ዘፈን አትንኪ፣ የልጆቹ ዓይን ነው።" ማኅበሩ ተሰብስቦ አሜን አለ። በነጭ ጨርቅ መጠቅለል አይቻልም፣ ኬላ ላይ ያስጠረጥራል፤ አለባቸው ኪሱ ውስጥ ወረወራት። ሰይድ ያንን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

አራት ወር። በየአሥራ አራቱ ተሰብስበን ከርከዴ ጠጣን። ካሴት የለም፣ ዳቦ አለ። ቅር አላለንም ብዬ አልዋሽም፤ ማንም ግን አልቀረም። እማማ አንጓች ሁሌም መጀመሪያ ይመጣሉ፣ በሩን በሚያይ ቦታ ይቀመጣሉ። እኔ ስለ ሶሎዬ አስባለሁ፤ እሳቸው ስለ ልጃቸው ያስባሉ፤ ሁለታችንም አንድ ካሴት እንጠብቃለን። የእኔን ጭንቀት ከእሳቸው አጠገብ አስቀምጬ ሳየው የሚያሳፍር ነው። ሆኖም ጭንቀት አያፍርም፣ መጣ።

በአራተኛው ወር አለባቸው ተመለሰ። ሲሄድ ኬላ ላይ ወታደሮቹ ካሴቷን ለሁለት ቀን ይዘው ሰምተዋታል፤ የእማማን ድምፅም ሳይሰሙ አልቀሩም። አሥር አለቃው ምንም አላለም፣ ካሴቷን ለአለባቸው መለሰለት፣ ከነጋዴው ቴፕ ግን አራቱን የባትሪ ድንጋይ ቀረጥ ብሎ አስቀረ። መልሱ እዚህ ውስጥ ነው አለን አለባቸው። ቀኑ አሥራ አራት አልነበረም፤ ማኅበሩ ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጥጋቡ ቤት ተሰበሰበ። እማማ አንጓች ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙ። ተቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉ።

የመጀመሪያው ዘፈን መሀል ላይ ቋ አለ። የወጣት ሴት ድምፅ "እናቴ" አለ። እማማ አንጓች ጥጋቡን ያዙት። ወልዳለች። ሴት ናት፣ ሦስት ዓመት አልፏታል፣ ጤና ናት፣ ስሟን በአያቷ ስም አንጓች ብላታለች። ሌላውን ለራሳቸው ልተወው፤ ከእኛ ውስጥ በደረቅ ዓይን የሰማ አልነበረም፣ ጥጋቡ እንኳ አቧራ ነው ብሏል፣ ያን ቀን አቧራ አልነበረም። በመጨረሻ ይመኙሻል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፤ "እናቴ፣ ሦስተኛውን አትንኪ ያልሽኝን አልነካሁም ነበር። ቀን ተሌት ነው የምናደምጠው። ይቺ ጉደኛ የመቅጃዋን ቀይ ቁልፍ ተጫነችና ያ የሚያለቅሰው ጠፋ። ልጆቹን ይቅር በሉን በይልኝ። ያጠፋሽውን አንች ክፈይ ብያታለሁ።"

ሦስተኛው ዘፈን መጣ። ዘፋኙ ዘፈነ፣ ዝም አለ፣ ከበሮው ወደ ኋላ ቀረ፣ ቋ አለ። አንዲት ትንሽ ልጅ በአፏ የጊታሩን ጀመረችው። ጢው፣ ጢው፣ ጢዋው። ለመነች፣ ተቆጣች፣ ሁለት ቦታ ላይ ዜማውን ሳተች። ልታለቅስ ትንሽ ሲቀራት አነጠሰች።

"ይማርሽ፣ የኔ እናት" አሉ እማማ አንጓች፣ ለቴፑ። የልጅ ልጃቸውን ድምፅ የሰሙት ያን ቀን ነው። ልጅቱም የተባለችውን የሰማች ይመስል ከዚያው ከተወችበት ቀጥላ ጨረሰችው፤ ዘፋኙም ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ገባ።

መልሰን ሰማነው። እንደገና ሰማነው። ከዚያ ወዲያ ካሴቷ ስንት ጊዜ ድንበር እንደተሻገረች አላውቅም፤ በሄደች ቁጥር እናት አንድ ዘፈን፣ በመጣች ቁጥር ልጅ አንድ ዘፈን እየበሉ ጉንዳን ባንድ አለቀ። ቀይዋን ቁልፍ ለእማማ የምጫንላቸው እኔ ነበርኩ። ሦስተኛውን ግን ማንም አልነካውም። ልጅቱ ያነጠሰችበት ቦታ ስንደርስ ሰባታችንም፣ ሰይድም ጭምር፣ ይማርሽ እንላለን፤ የማኅበሩ ሥርዓት ሆነ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ጎንደር ገባሁ። አንድ ቀን በአንድ ሙዚቃ ቤት ሳልፍ ዋናው፣ ያልተነካው ሦስተኛው ዘፈን ተከፍቶ ሰማሁና ገባሁ። ባለሱቁ የድሮ ሥራ ነው፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው አለኝ። ጥርት ብሏል። ዘፋኙ ዝም አለ፣ ከበሮው ወደ ኋላ ቀረ፣ ያ ስንት ወር የጠበቅሁት ጊታር ብቻውን ወጣ። ለመነ፣ ተቆጣ፣ ሊያለቅስ ትንሽ ሲቀረው ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ማንም አላነጠሰም። እኔ ግን አፌ ለምዶት "ይማርሽ" አልኩ፤ ባለሱቁም ዘወር ብሎ በሩ ላይ ሴት ፈለገ።